በምላስህ አሽገው

ሚኒሶታ፣ ማርች 14 ቀን 2019

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለቶርቫልድ፤

የአላስካ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኔ ደህና ነኝ ልበል፣ ወጉ ነውና። ሐይቁ ገና አልቀለጠም፤ ሲነጋ በረዶው ከሥር ያቃስትና ጉም ይለብሳል። በዚያ ጉም ውስጥ የጎረቤታችንን ልጅ ጆሊንን አያታለሁ፤ ያኔ በወጣትነታችን ገድለው ከጀልባ ቤታችን ጀርባ የጣሏትን። ቢጫ የዝናብ ካፖርቷን ለብሳ፣ ምንም ሳትሆን ትሄዳለች። ስጠራት ዞር ብላ "ሶልቬግ፣ የገደለኝ ማነው?" ትለኛለች።

የልጅ ልጄ ብሪታ ለገና የዘር መመርመሪያ ዕቃ ሰጠችኝ። "አያቴ፣ እስቲ ትፊበት! ኖርዌይ ኖርዌይ ስትዪ ስዊድን ሆነሽ እንዳትገኚ!"

"አንቺ ጥጋበኛ!" ብዬ ተፋሁበት። ቅጹ ውጤቱን ፖሊስ ቢያየው ይፈቅዳሉ ወይ ሲለኝም፣ ምን የምደብቀው አለኝ ብዬ ፈቀድኩ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት መርማሪ መጣች። በየበጋው ዘመድ ሲሰበሰብ የምናነጥፈውን፣ እማማ የዘር ሐረጋችንን የጠለፈችበትን የጠረጴዛ ልብስ አየችና ጣቷን በአንተና በሃልቮር ስም መሃል አሳረፈች። "ጆሊን ላይ የተገኘውን ዲኤንኤ ከእርስዎ ምራቅ ጋር አመሳከርነው፤ የወንድምዎ ነው። ከሁለቱ የአንዱ" አለችኝ። ሃልቮር እንደሆነ ሞቷል፤ አስከሬኑን አቃጥለን፣ አመዱን ሐይቁ ላይ በትነነዋል። የቀረኸው አንተ ነህ።

"ይጻፉለት። ሲመልስልዎ ፖስታውን በምላሱ ያሽጋል፤ ምራቁ ይበቃናል። ታዲያ እንዳይነግሩት" አለችኝ።

እሺ አልኳት። ይኸው ነገርኩህ። የእናቴን ልጅ በወጥመድ አልይዝም! ሃልቮር በሆነ ብዬ እየጸለይኩ ነው፤ በሙት ወንድሜ ላይ እንዲህ መጸለዬን እሱ ይቅር ይበለኝ። ግን የጆሊን እናት ዛሬም የበረንዳዋን መብራት አታጠፋም። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ትይዘኛለች።

አንተ ካልሆንክ አንዲት መስመር ጻፍና ፖስታውን በምላስህ አሽገህ ላክልኝ። ውሃ እንዳትቀባው፣ ሙጫም እንዳትነካው።

የሱፍ ካልሲ ሠርቼ አብሬ ልኬልሃለሁ፤ እግርህን እንዳይበርድህ። ባለህበት ጌታ ከክፉ ይሰውርህ፣ ወንድሜ። በየቀኑ ወደ ፖስታ ሳጥኑ እወጣለሁ። በረዶው ቀልጦ ሐይቁ እስኪከፈት ካልጻፍክልኝ ግን፣ ያን እሑድ የጆሊን እናት እጄን ስትይዘኝ፣ አንተ መሆንህን የምነግራት እኔ ነኝ።

የምትወድህ እህትህ
ሶልቬግ