እጄ ደህና ሲሆን

ማክሰኞ፣ ከሥራ መልስ

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? አራስነቱ እንዴት ያዘሽ? ትንሹስ? የላክሽውን ፎቶ አየሁት። አፍንጫው ቁርጥ ያንቺ ነው። አባትሽ ግን «የእኔ ነው» ብሎ ድርቅ ብሏል፤ ተይው፣ ይበል።

እኛ ደህና ነን። የቆዳዬ ነገር ከእጄ አልፎ ጀርባዬ ላይም ወጥቷል። አባትሽ አሁን የሚተኛው ሳሎን ነው፤ «ሶፋው ለወገቤ ተስማማኝ» አለ። ሶፋ ለወገብ ሲስማማ ሰምቼ አላውቅም፤ ግን አልጠየቅሁትም። ጠዋት አንሶላዬን በመስኮት ሳራግፍ ቅርፊቱ እንደ ዱቄት ይረግፋል። መስኮቱን ዘግቼ ወደ ፀጉር ቤቱ እሄዳለሁ።

እዚያም ቦታዬ ተቀይሯል። ከሰው ከምትሰሚ እኔው ልንገርሽ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሙሽራ ከእናቷ ጋር መጣች። ራሷን ገንዳው ላይ አስደግፌ፣ የውሃውን ሙቀት ሞክሬ ልጀምር ስል እናትየዋ እጄን አየች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሶሪያሲስ የሚባል የቆዳ ሕመም ነው። አይተላለፍም።»

«አይተላለፍም? ነገ ሠርጓ ነው እኮ!»

ሙሽራዪቱ እንደተንጋለለች ዓይኗን ጨፈነች። አለቃዬ ሮጣ መጥታ ይቅርታ ጠየቀችና ሌላ ልጅ ጠራች። ስንዘጋ «ለእኔማ ምንም አይደለም፤ የደንበኛ ነገር ሆኖብኝ ነው። እስኪሻልሽ ጓዳ ሆነሽ ፎጣውን ያዢልኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ስንት ዘመን የሰው ራስ ያጠበ እጅ አሁን ፎጣ ያጥፋል። አለቅሳለሁ ብዬ ነበር፤ እንባውም አልመጣ። ቤት ገብቼ ራቴን በላሁ።

ትናንት ደግሞ የድሮ ደንበኛዬ፣ ጡረታ የወጡት አስተማሪ፣ መጡ። እኔን ሲያጡ የጓዳውን መጋረጃ ገልጠው ገቡ።

«ነዪ እጠቢኝ።»

«እጄን አላዩትም እንዴ፣ እትዬ?»

«ካምና ጀምሮ አየዋለሁ። ይልቅ ውሃው ይሙቅ።»

ሰው ሁሉ እያየ አጠብኳቸው። ጥቂት ቆይተው ማንኮራፋት ጀመሩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አይደል? እኔ ግን የማስበው ሳሙናው ዓይናቸው ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ነበር። ሲሄዱ ወደ ፎጣዬ ተመለስኩ።

ሐኪሙ ቅባቱን ቀይሮልኛል። «የልጅ ልጅዎን ያለ ሐሳብ ማቀፍ ይችላሉ» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ማወቁንማ አውቃለሁ።

እና የእኔን የመምጫ ትኬት ለጊዜው አትቁረጪ። እዚያ ብርድ ነው ትያለሽ፤ ብርድ ደግሞ ያባብስብኛል። ገላውን የሚያጥቡለት የባልሽ እናት አሉ፤ ጎበዝ ናቸው ብለሽኛል። እጄ ደህና ሲሆን እመጣለሁ። መቼ እንደሚሆን ሐኪሙን ብጠይቀው «ይሄዳል፣ ይመለሳል» ነው ያለኝ።

ጡትሽ ወተት አይጣ። ልጅሽ በእጅሽ ይደግ፣ እንቅልፉን ለሁለታችሁም ይስጣችሁ። ጉንጩን ሳሚልኝ።

«ሰበብ አታብዢ፣ ትመጫለሽ!» ብለሽ ደውለሽ ብትቆጪኝ ግን አልቀየምሽም። እሑድ ቤት ነኝ። ቀኑን ሙሉ።

እናትሽ