ውኃውንም ሰውየውንም የመለሱት ወይዘሮ አምሳል ወልደ ዮሐንስ

ዛሬ አፈር የምናለብሳቸው እናታችን ወይዘሮ አምሳል ወልደ ዮሐንስ፣ ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ተክለ ጊዮርጊስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ይርገዱ አላምረው፣ በቀድሞው በጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት፣ ኮሶዬ በተባለው ደጋ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1945 ዓ.ም. ተወለዱ። የክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል ነው።

አባታቸው የቅኔ መምህር ስለነበሩ ቤቱ ከተማሪ ድምፅ ተለይቶ አያውቅም። ሴት ልጅ ፊደል ከቆጠረች ይበቃታል በሚባልበት ዘመን መሪጌታ ልጃቸውን ዳዊት አስደገሟቸው። በኋላም ጎንደር አራዳ ከሚኖሩት አክስታቸው ከወይዘሮ እቴነሽ ዘንድ አስቀምጠው ዘመናዊ ትምህርት አስገቧቸው። ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርሱ አክስታቸው፣ “ነርስ ሁኚልኝ፤ ነጭ ልብስ ያምርብሻል” ቢሏቸው፣ “እቴቴ፣ እኔ ደም ማየት አልችልም። ኤሌክትሪክ ደግሞ አይደማም” ብለው መለሱላቸው። ይህ መልስ እስከ ዛሬ በዘመድ መካከል ይወራል።

እንዳሉትም ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ገብተው በኤሌክትሪክ ሙያ በ1966 ዓ.ም. ተመረቁ። በ1969 ዓ.ም. የጂኦግራፊ መምህር ከነበሩት ከአቶ አንዳርጋቸው መለሰ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጸሙ። የሠርጉ ዓመት ሳይወጣ ታናሽ ወንድማቸው ገብረ ሚካኤል ከቤት እንደወጣ ቀረ። የት እንደወሰዱት የሚናገር አልተገኘም፤ ሁሉም ፈርቶ፣ ደፍሮ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እናታችን ይህን ሐዘን በዕንባ አላወጡትም። “ያኔ አንድ ሰው እንኳ ቆሞ ‘ምን አጠፋ?’ ቢል ኖሮ” የሚሉት ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ነበር።

በ1972 ዓ.ም. መንግሥት ወደ ምሥራቅ ጀርመን ልኳቸው ፋብሪካንና የውኃ ጣቢያን በራሱ የሚያንቀሳቅስ የመቆጣጠሪያ ፓኔል ሥራ ተማሩ። ሲመለሱም ከጎንደር ከተማ ዳር ባለ አንድ የውኃ መግፊያ ጣቢያ ተመደቡ። ከጀርመን የመጣውን ፓኔል ባለሙያዎቹ ሲተክሉ አብረው ተከሉ፤ ከዚያ በኋላም ጠባዩን እንደ ልጃቸው ጠባይ አወቁት።

ቤተ ዘመዱ ሁሉ የሚያነሣው ነገር የሆነው በ1979 ዓ.ም. ነው። በዋዜማው በጳጉሜን ወር ሦስተኛ ልጃቸውን፣ ይህን ታሪክ የጻፈችውን ወለተሩፋኤልን ወልደው መስከረም ሲጠባ አራስ ቤት ነበሩ። በዚያው ወር ለአብዮት በዓል ውኃው በኃይል ይውጣ ተብሎ በጣቢያው ኃላፊ ትእዛዝ ትልቅ ሞተር ገባ፤ ማስነሻውም አብሮ በትልቅ ተተካ። በፓኔሉ ውስጥ ያለችውን የሪሌ ካርድ ግን ያሰባት የለም። ሪሌ የሚባሉ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች የተሰደሩባት ይህች ካርድ ከፓኔሉ ትእዛዝ ተቀብላ ሞተሩን የምታስነሣና የምታቆም፣ መጠኗም ከአንዲት የጸሎት መጽሐፍ የማትበልጥ ናት። የተተከለችው ለትንሹ ማስነሻ እንጂ ለትልቁ አልነበረም።

የካቲት ላይ አንድ ረፋድ ማጠራቀሚያው ሞልቶ የውኃ መግቢያው በራሱ ተዘጋ። ፓኔሉ “አቁም” ብሎ አዘዘ፤ የፓምፑ መብራትም ጠፋ። ፓምፑ ግን አልቆመም። ብቻቸውን ተረኛ የነበሩት የፓምፕ ሠራተኛው አያ ዋኘው ማቆሚያውን ደጋግመው ቢጫኑትም አልሰማቸውም። ዋናውን ማጥፊያ ሊያወርዱ ወደ ማዶው ቤት ሮጡ፤ ሳይደርሱ ዋናው ቧንቧ ፈነዳ። ከተማው ደረቀ። በየቦኖው ባሊና እንስራ ተሰለፈ፤ ሆስፒታሉም በበርሜል ውኃ ማስመጣት ጀመረ።

ኃላፊው ፈጥነው ፈረዱ። “መብራቱ ጠፍቷል፤ ፓኔሉ አቁሟል ማለት ነው። ሰው በእጁ ካላስኬደው በቀር ፓምፑ ሊሄድ አይችልም” አሉ። በጣቢያው የነበረው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። አሻጥር ተባለ። ያ ቃል የወደቀበት ሰው በዚያ ዘመን ወዴት እንደሚሄድ የማያውቅ አልነበረም። አያ ዋኘው ታሰሩ።

ቧንቧው ተበይዶ ሲያበቃ እናታችን ሕፃኗን ለማሳደግ ካራዘሙት ፈቃድ ተጠርተው ጣቢያው ደረሱ። ኃላፊው አዲሲቱን ካርድ ከመጋዘን አስወጥተው ጠብቀዋቸዋል። ከእሷ ሌላ መተኪያ አልነበረም።

“የቆየችውን ነቅለሽ ይህችን ሰክተሽ ውኃውን ልቀቂ። ወሬው ከዚያ በኋላ ይደርሳል” አሏቸው።

እናታችን ካርዷን ተቀበሉ፤ ነገር ግን አልሰኩም። “የፊተኛዪቱ ለምን እንደተበላሸች ሳላውቅ ይህችን ብሰካ፣ ይህችም ትቃጠላለች። ያን ጊዜ ከተማው ከበርሊን ካርድ እስኪመጣ ይጠማል። ደግሞም የቆየችው ካርድ ከቦታዋ የምትነቀለው መርማሪውና አያ ዋኘው ባሉበት ነው” አሉ።

“እስረኛው ለምን ያስፈልግሻል?”

“ፓኔሉን የማውቀው እኔ ነኝ፤ የሆነውን ያዩት ግን እሳቸው ናቸው።”

ኃላፊው ጮኹ፤ በአብዮቱ ስም አስፈራሩ። እናታችን ፓኔሉ በር ላይ በርጩማ አስመጥተው ተቀመጡ። በመካከሉ አያታችን ወይዘሮ ይርገዱ ሕፃኗን ታቅፈው መጡ። ልጄ ትታሰራለች ብለው ሲሠጉ፣ እናታችን በዚያው በርጩማ ላይ ሕፃኗን ተቀብለው ማጥባት ያዙ። የምታጠባ ሴት ከበሩ ላይ ጎትቶ ለማንሣት የደፈረ አልተገኘም። ኃላፊው አማራጭ ሲያጡ መርማሪው ተጠራ፤ አያ ዋኘውም በሁለት ጠባቂ ታጅበው መጡ። ጺማቸው አድጎ፣ ጋቢያቸው ቆሽሾ ነበር።

እናታችን ሕፃኗን ለአያታችን ሰጥተው ተነሡ። በመጀመሪያ ኃይሉን ከዋናው አጠፉ፤ መጥፋቱንም በመለኪያ አረጋገጡ። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ምልክት አድርገው ፈቱ፤ ካርዷንም ከቦታዋ ስበው ጠረጴዛ ላይ አኖሯት። መለኪያውን ለመርማሪው አቀበሉት።

“ጓድ፣ ይህች ካርድ አሁን ከምንም ጋር አልተያያዘችም፤ ኤሌክትሪክም የላትም። እስኪ የመለኪያውን ሁለት ጫፎች በየሪሌዋ ላይ እርስዎ ራስዎ ይያዙ። ደኅና የሆነችው ሪሌ ላይ መለኪያው ዝም ይላል።”

መርማሪው የመጀመሪያዋን ያዘ፤ መለኪያው ዝም አለ። ሁለተኛዋንም ያዘ፤ ያው ዝም። ፓምፑን የምታዘው ሦስተኛዋ ላይ ሲደርስ መለኪያው ጮኸ። ከእጁ ሊጥለው ምንም አልቀረው።

“ምንድን ነው?”

“ሁለቱ ጥርሶቿ ቀልጠው ተጣብቀዋል። ፓኔሉ ‘ልቀቂ’ ቢላት መልቀቅ አትችልም።”

“ታዲያ መብራቱ ምነው ጠፋ?”

“መብራቱ የሚናገረው ፓኔሉ ያዘዘውን ነው። ሪሌዋ የሠራችውን አያውቅም።”

ይህን ጊዜ አያ ዋኘው ቀና አሉ። “ልጄ፣ እኔም እኮ ያልኩት ይህንኑ ነው። መብራቱ ሲዋሽ ዝም ብለው እኔን ‘ዋሸህ’ አሉኝ” አሉ።

እናታችን የሪሌዋን ክዳን ከፍተው የቀለጠውን አሳዩ። መርማሪው ምን እንዳቀለጣት ሲጠይቅ፣ በመስከረም የገባውን ትልቅ ማስነሻ በጣታቸው አመለከቱ። “አህያ የግመልን ጭነት ተሸክማ ከረመች” አሉ። ማን እንዳስገባው ተጠየቁ። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። እናታችን በዚያች ቅጽበት ወንድማቸው ፊታቸው እንደመጣባቸው በኋላ ነግረውናል። “ትእዛዙ የኃላፊው ነው። ለክፋት ያደረጉት አይመስለኝም፤ ሳይጠይቁ ያደረጉት ነው። አያ ዋኘው ግን ምንም የሠሩት የለም” አሉ።

ከዚያ ሥራቸውን ቀጠሉ። ከካርዷና ከትልቁ ማስነሻ መካከል ሸክሙን የሚችል ሌላ ጠንካራ ሪሌ አስገቡ። አዲሲቱን ካርድ ሰክተው፣ ሞተሩ ሳይያያዝ አስነሥተው አቆሙ፤ ደግመውም ሞከሩ። ሁሉም ሲሠራ ሞተሩን አገናኙና፣ “አያ ዋኘው፣ ጣቢያው የእርስዎ ነው፤ ያስነሡት” አሏቸው። መርማሪው ጠባቂዎቹን በዓይኑ ጠቀሳቸውና እጃቸውን ለቀቁላቸው። ፓምፑ ተነሣ። ማቆሚያውን ሲጫኑትም ቀጥ አለ። አያ ዋኘው እግራቸው ሥር ሊወድቁ ሲሉ እናታችን በክንዳቸው ይዘው፣ “ምነው አያ! ይልቅ ውኃውን ይልቀቁ፤ ሰው ተጠምቷል” አሉ። ከሰዓት በኋላ በአራዳ ቦኖዎች ውኃ ወረደ። አያ ዋኘውም በዚያው ሰሞን ወረቀታቸው አልቆ ከልጆቻቸው ጋር ተቀላቀሉ።

ለእናታችን የተሰጣቸው ግን ምስጋና አልነበረም። ወሩ ሳይወጣ “ለአገልግሎት ይፈለጋሉ” ተብለው ወደ ዛሪማ ተዛወሩ። ሀገሩ ቆላ፣ መንገዱም ጦርነት የሚያሰጋው ነበር። ባለቤታቸው አቤት እንበል ቢሏቸው፣ “እዚያም ያለው ሰው ውኃ ይጠጣል” ብለው ሕፃኗን አዝለው ወረዱ። በዛሪማ የተበላሸውን የውኃ ሞተር አስነሡ፤ ሁለት ምንጭ አስገነቡ፤ ወባ ያዛቸው፤ ዳኑ። ገበያተኛው “ሸጋዋ መካኒክ” ይላቸው ነበር፤ ይህን ስም ከማንኛውም ማዕረግ አብልጠው ይወዱት ነበር። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ወደ ጎንደር ተመልሰው እስከ ጡረታቸው ሠሩ። በትርፍ ጊዜያቸውም በሙያ ትምህርት ቤት አስተማሩ። ተማሪ ሁሉ ከአፋቸው የሚቀበለው የመጀመሪያ ትምህርት፣ “መብራቱን አትመን፤ ለካ” የሚል ነበር።

ባለቤታቸው አቶ አንዳርጋቸው በ2006 ዓ.ም. ሲያርፉ ሐዘናቸውን በጸጋ ተቀበሉ። ላለፉት ሁለት ዓመታት በኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። በዚህ ጊዜ ከልጆቻቸው እኩል ያስታመሟቸው የአያ ዋኘው ልጅ ወይዘሮ እንኳየሁ ናቸው፤ እግዚአብሔር ዋጋቸውን ይክፈል። እናታችን ግንቦት 7 ቀን 2014 ዓ.ም. በተወለዱ በ68 ዓመታቸው፣ ንስሐ ገብተው፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብለው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ወይዘሮ አምሳል የአቶ አዳሙ፣ የወይዘሮ መንበረና የወይዘሪት ወለተሩፋኤል እናት፣ የአምስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። በአልጋ ላይ ሳሉ ይህ ጽሑፍ እንደሚነበብ ያውቁ ነበርና፣ “አታንዛዙት፤ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሟል” ብለው አዘዋል። ትእዛዛቸውን በከፊል ጥሰናልና ይቅር ይበሉን።

የመላእክት ጌታ ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ዕቅፍ ያኑርልን። እናንተም በፀሐይ የቆማችሁልን ወዳጆቻችን፣ ከቤታችሁ ውኃ፣ ከጎረቤታችሁም “ምን አጠፋ?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይጉደል። አሜን።