አባዬ ደም ውስጥ የቀረው ቡና

ማክሰኞ፣ ጥር 12፣ ጅማ

ዛሬ አባዬ ከመሞቱ በፊት ለጥናቴ የሰጠኝን ደም መረመርኩ። ቡና ሳይጠጣ ነው መቀዳት የነበረበት። ቡና ውስጥ ያለው አንቲኦክሲዳንት የሚባለው ንጥረ ነገር ግን ደሙ ውስጥ ተገኘ። ያኔ "አልቀመስኩም ልጄ" ብሎኝ ነበር። የሞተ ሰው ላይም መናደድ ይቻላል ለካ። ሸቤ ከተማ ያለችው እማዬ ጋ ደወልኩ።

"ያን ቀን ጠዋት ጎረቤት ለቅሶ ደርሶ ነው የመጣልሽ። የለቅሶ ቤት ቡና እምቢ ይባላል እንዴ? እንዳይከፋሽ ብሎ ነው የደበቀሽ" አለችኝ።

አማካሪዬ "ይሄ ናሙና አይሆንም፣ ጣዪው" አሉኝ። እሺ አልኩ፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ፤ ናሙናውን መልሼ ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩት።

ይሄ ንጥረ ነገር ከሰው ደም ውስጥ በሰዓታት ጠፍቶ በሽንት ይወጣል። አባዬን ከቀበርነው ወራት አለፉ። ያቺ አንድ ስኒ ግን ፍሪዘር ውስጥ፣ እሱ ደም ውስጥ፣ እስካሁን አለች።