ለታጠበልን ማስረጃ የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለክቡር የትራፊክ አደጋ ምርመራ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ዓይንዎ ደኅና ነው? እኛ ከታናሽ ወንድሜ ጭን በስተቀር ደኅና ነን። እሱም ቢሆን ጭኑ ብረት ገብቶለት አልጋ ላይ ጣራ ሲቆጥር ስለሚውል፣ ስለ እርስዎ ጤና የሚጸልይበት ሰፊ ጊዜ አግኝቷል።

ማን እንደሆንኩ ዘንግተውት ከሆነ፣ እኔ ቢሮዎ ኮሪደር ላይ፣ አንድ እግሯ በተሰበረችው አግዳሚ ወንበር ላይ ሚዛኔን እየጠበቅሁ ዘጠኝ ቀን የተመላለስኩት የመኪና ቀለም ሠራተኛ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ልጆቼን ያሳደግሁት ከሌላ ነገር ጋር ታክኮ የተጋባ ቀለም ከሰው መኪና ላይ በማስለቀቅ ነው። አንዱ የግቢውን በር ነክቶ አረንጓዴ ይዞ ይመጣል፣ ሌላዋ ምሰሶ ታክካ ቢጫ ይዛ ትመጣለች፣ እኔ አስለቅቄ እሸኛቸዋለሁ። ይህን የምነግርዎ ለጉራ ሳይሆን፣ ከዚህ በታች የማነሣው ጉዳይ ከእጄ ወጥቶ የማያውቅ ሥራዬ ስለሆነ ነው።

ነገርን ከሥሩ ነውና ላስታውስዎ። የዛሬ ሃምሳ ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ታክሲ ነጂው ወንድሜ የኋላ ጎማ ተንፍሶበት ዳር ይዞ ቆመ። ክሪክ አስገብቶ ቁጢጥ ብሎ ብሎን ሲፈታ፣ አንድ መኪና ከኋላው መጥቶ ጭኑን ሰብሮ፣ የታክሲውን ጎን ፍቆ፣ እንኳን ሊያነሣው ዞር ብሎም ሳያየው ሄደ። ወንድሜ አስፋልቱ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ስለነበር ሰሌዳውን አላየም። ነገር ግን በነጩ ታክሲ ላይ፣ ከኋላ ጎማው እስከ በሩ ድረስ፣ ክንድ የሚያህል ሰማያዊ ቀለም ተጋብቶ ቀርቶ ነበር። ከዚያ ቀለም በቀር ምስክር አልነበረንም።

እነሆ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. መጀመሪያ ሊመሰገኑ የሚገባቸው በዚያን ዕለት ከቦታው የተገኙት ባልደረባዎ ናቸው። እኔ በልማዴ ጥፍሬን በሰማያዊው ላይ ሳብ አደረግሁት፤ ጥፍሬ አልያዘም። ጥፍር ከያዘ ጭረት ነው፣ ካልያዘ ከላይ የተቀመጠ የሌላ ሰው ቀለም ነው። ባልደረባዎ ግን ኤግዚቢት ነው፣ እንኳን እጅ ትንፋሽ እንዳይነካው ብለው ገሠጹኝ። ፎቶ ላንሣ ብዬ ስለምን፣ ማንሣት የመሥሪያ ቤቱ ሥራ መሆኑን አስረድተው ከአጠገቡ አራቁኝ። እኔም ቀለም በማስለቀቅ የምኖር ሰው፣ ሕግ ይከበር ብዬ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆምኩ። ሞኝነቴን እዚህ ላይ በጽሑፍ አምናለሁ።

፪. ታክሲውን ወደ ግቢያችሁ ጎትታችሁ ሃያ ሦስት ቀን አሳደራችሁልን፤ ዕድሜ ይስጥልን። ስትመልሱልን ሰማያዊው የለም። የት ሄደ ብዬ ብጠይቅ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ከወረቀቷ ቀና ሳትል ዝናብ አጥቦት ይሆናል አለችኝ። ኧረ ጉድ እኮ ነው! ዝናብ የተጋባ ቀለም የሚያስለቅቅ ቢሆን ኖሮ እኔ ይህን ጊዜ ሱቄን ዘግቼ ልመና ወጥቼ ነበር። እኔ የማውቀው እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይሞከራል። እምቢ ካለ ጨርቅ ጫፍ ላይ ጠብ በተደረገ ቲነር ቶሎ ቶሎ ይነካል፣ ከቆየ የመኪናውን የራሱን ቀለም ይበላልና። ከዚያ ኮምፓውንድ የሚባለው ማለስለሻ ቅባት ተቀብቶ ክንድ እስኪዝል በእጅ ይታሻል፤ መጨረሻ ላይ ሰም ይቀባል። ክንድ ለሚያህል ምልክት እኔን ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ታዲያ የእርስዎ ግቢ ዝናብ ኮምፓውንድና ሰም ይዞ ነው የሚዘንበው? ጨርቁንስ ማን ያዘለት?

፫. ስለ ሥራው ጥራት ደግሞ እንደ ባለሙያ አንድ ቃል ይፈቀድልኝ። ታክሲው አሮጌ ነው፤ ነጭነቱ ፀሐይ ላይ ሲሰነብት የደረቀ አጥንት መስሏል። አሁን ግን ከመላ አካሉ ክንድ የምታህል ቦታ ብቻ ተለይታ፣ ሰው ጢሙን ሊላጭባት እስኪችል ድረስ ታበራለች። በሩን ዙሪያውን በሚያሽገው ላስቲክ ስር የተረሳ ሰም ነጭ ሆኖ ደርቋል። የበሩ ጠርዝ ላይማ ከመጠን በላይ ታሽቶ የመሠረቱ ቀለም ብቅ ብሏል። ይህን የሠራ ሰው የእኔ ሠራተኛ ቢሆን፣ ማስረጃ በማጥፋት ሳይሆን በመጥፎ ሥራ በዚያው ቀን አባርረው ነበር።

፬. ይህኛውን በጨዋነት ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስት ጊዜ ቀድጃለሁ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ባለፈው ሳምንት በእርስዎ ፊርማ የተላከው ደብዳቤ፣ በተሽከርካሪው ላይ የግጭት ምልክት ባለመገኘቱ ግለሰቡ ክሪኩ ተንሸራቶ በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት መጎዳቱ ተረጋግጧል፣ መዝገቡም ተዘግቷል ይላል። ምልክቱን አጠባችሁና ምልክት የለም አላችሁ! ደብዳቤው የመጣው እናታችን ለወንድሜ ትራሱን ስታስተካክል ነበር። ካነበበችው በኋላ፣ ልጄ እውነቱን ንገረኝ፣ ክሪኩ ነው እንዴ ብላ ጠየቀችው። ብረት ሲገባለት ያላለቀሰ ወንድሜ ያን ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ። ክቡርነትዎ፣ ጭኑን የሰበረው መኪና ነው። በእናቱ ፊት ውሸታም ያደረጉት ግን እርስዎ ነዎት፣ ይህንንም በጽሑፍና በማኅተም። ተናድጃለሁ ማለት ያንሰኛል፣ ደሜ ፈልቷል።

፭. ሰማያዊ ስለሚባለው ቀለም እኔ ምንም አላልኩም። ሰማዩ ሰማያዊ ነው፤ የመሥሪያ ቤትዎ ፒክአፖችም ሰማያዊ ናቸው። ሰማዩን ልጠረጥር አስቤ ነበር፣ ነገር ግን በዚያን ማክሰኞ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ያየ ሰው አላገኘሁም። የቀረውን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።

ልመናዬ አጭር ነው። መዝገቡ ይከፈት፤ ወንድሜ ውሸት እንዳልተናገረ የሚገልጽ ሌላ ደብዳቤ በዚያው ፊርማና በዚያው ማኅተም ይጻፍለት። አድራሻው አልተቀየረም፣ ያው አልጋው ነው።

ስለ ሃያ ሦስት ቀን መስተንግዶ፣ ስለ ነጻ እጥበቱና ስለ ሰሙ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እያመሰገንኩ፣ ወንበርዎ እንደ ኮሪደሯ አግዳሚ እግሩ እንዳይሰበርብዎ ከልቤ የምመኝ፣

የታክሲ ነጂው ታላቅ ወንድም፣
ቀለም ሠራተኛው

ግልባጭ፦
ለዐቃቤ ሕግ ቢሮ
ለዝናቡ (እንዲያውቀው)

ማሳሰቢያ፦ ቀለም ሲጋባ ወደ አንድ ወገን ብቻ አይጋባም። ሰማያዊው ነጩ ላይ ሲቀር፣ ነጩም ሰማያዊው ላይ ይቀራል። ዝናቡ ቸኩሎ ይህን ረስቶታል። ትናንት ጠዋት በመሥሪያ ቤትዎ አጥር ሳልፍ፣ እርስዎ በየቀኑ የሚሳፈሩባት ፒክአፕ በሩ ፊት ለፊት ቆማ፣ የፊት መከላከያ ፓራውልቷ ቀኝ ጥግ ላይ የታክሲያችንን ነጭ እንደያዘች አገኘኋት። ከመንገድ ላይ ሆኜ ከነሰሌዳዋ ዘጠኝ ፎቶ አነሣሁ፣ የከለከለኝ ሰው አልነበረም፤ ዘጠኙም ከዚህ ደብዳቤ ቀድመው ዐቃቤ ሕጉ ጠረጴዛ ላይ ደርሰዋል። ስለዚህ ያንን ሰውዎን ጨርቅ አስይዘው ባያስሮጡት ይሻላል፣ ጠርዝ ያበላሻል። እንዲለቅ ከፈለጉ ሥራው የእኔ ነው፤ ዳኛው አይተውት ሲያበቁ በነጻ አስለቅቅልዎታለሁ።