አባታችን ያሉት አዞ

ሰኞ፣ ማርች 4
ዝናቡ ጠዋት ብቻ ነበር። ከኔስታ ጋር በታንኳ ወንዙን ተሻግረን ስኳር ድንቹን አረምን። ኔስታ የባሌ እህት ናት። እጇ ፈጣን ነው፣ አፏ ደግሞ ከእጇ ይቀድማል። ስንመለስ ውሻችን የለም። ባሌ አሊክ፣ የዱር አሳማ ተከትሎ ይሆናል፣ ይመጣል አለ። እንጃ...
እራት ላይ አማቴ፣ ሽማግሌው ማኤላሎ፣ ደስ ብሏቸው ነበር። ወንዙ ከባሕሩ ጋር በሚገናኝበት ትልቅ አዞ አይተዋል። ጭራው ላይ ሁለት ቅርፊት ጎድሎታል። "አባታችን ተመለሰ" አሉ። በእነሱ ጎሳ አዞ አያት ነው። አይገድሉትም፣ አይነካቸውም። የሚነካው በደል የሠራን ሰው ብቻ ነው።
እኔ ከሌላ ደሴት፣ ከማላይታ ተራራ የመጣሁ ምራት ነኝ። እኔን ያውቀኝ ይሆን?

ሐሙስ፣ ማርች 7
ውሻው አልመጣም።

ሰኞ፣ ማርች 11
አየሁት። ልብስ እያለቀለቅን ነበር። መጀመሪያ ግንድ መስሎኝ... ግንዱ ግን ወደ ላይ ይሄዳል፣ ውሃው ወደ ታች። ልብሱን ጥዬ ወጣሁ። ኔስታ ሳቀች። "የተራራ ልጅ! እናንተ አገር ግንድ የለም እንዴ?" ሌሎቹም ሳቁ። እኔም የሳቅኩ መሰለኝ።
ለአሊክ ነገርኩት። አባቴ ፊት እንዳታነሺው አለኝ። እሱ ራሱ ሰሞኑን ወንዝ አይገባም፣ በባልዲ ነው የሚታጠበው። ያላየሁት መስሎታል።

ዓርብ፣ ማርች 15
ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።
ረፋድ ላይ ነው። ፀሐይ። አምስት ሴቶች ወንዙ ዳር ልብስ እያጠብን ነበር። ኔስታ እስከ ጉልበቷ ገብታ እያወራች... ወሬዋን አልጨረሰችውም። ጩኸት እንኳ አልነበረም። ውሃው ተነሳ፣ ግራ ክንዷ አፉ ውስጥ ነበር። ወገቧን አቀፍኩ። ይስባል። እስባለሁ። እግሬ ጭቃው ላይ ይንሸራተታል። ጎረቤታችን ማቲልዳ በመቅዘፊያ ዓይኑ ላይ መታችው፣ ደጋግማ። ለቀቀ። ሲዞር ጭራውን አየሁ። ሁለቱ ቅርፊቶች የሉም።
በሞተር ጀልባ ሆስፒታል ወሰዷት። ሦስት ሰዓት መንገድ። አሊክ አብሯት ሄደ። ደሟ ቀሚሴ ላይ ነው። የት ነው የማጥበው?

እሑድ፣ ማርች 17
ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሹክሹክታ። ምን አድርጋ ይሆን? የማን ባል? የማን ማሳ? ባለፈው ሰኞ አብረዋት የሳቁት ሴቶች ናቸው። ማቲልዳ እንኳ፣ ያቺ በመቅዘፊያ የመታችው፣ እሱ ያለ ነገር አይነካም አለችኝ። ዓይኔን ግን አላየችም።
ገባኝ። ኔስታ በድላ ከሆነ እነሱ ሰላም ናቸው። ነገም ወንዝ ይወርዳሉ። ፈርተው ነው... እኔም እንደነሱ ማመን ብችል ደስ ይለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ማርች 20
ሆስፒታል። ክንዷን ከክርኗ በታች ቆርጠውታል።
አማቴ አብረውኝ መጡ። አልጋዋ አጠገብ ብዙ ተቀመጡና ቀስ ብለው ጠየቋት።
"ልጄ፣ ምን በድለሽ ነው?"
ጣሪያውን እያየች መለሰች።
"ልብስ እያጠብኩ ነበር አባዬ። ያንተን ሸሚዝ።"
ተነስተው ወጡ። ፈልጌ ሳገኛቸው ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። "ዶሪን፣ ፖሊስ እንዴት ነው የሚጠራው?" አሉኝ። ጠመንጃ ያለው ፖሊስ ጋ ብቻ ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው፣ ድምፃቸው የሕፃን ድምፅ ሆኖ ነበር።

ማክሰኞ፣ ማርች 26
ፖሊሶቹ መጡ። ሁለት ቀን አድብተው አንድ አዞ ገደሉ። አሸዋው ላይ ጎተቱት፣ መንደሩ ሁሉ ወጣ። ልጆች ጀርባው ላይ ቆሙ። አማቴ ዱላቸውን ይዘው ዞሩት። ጭራው ጋ ሲደርሱ ቆሙ።
"ይሄ አይደለም።"
የሰማቸው የለም። አሊክ፣ ሐዘኑ ነው የሚያናግራቸው አለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቅርፊቱ ሙሉ ነው። ለአንዱ ፖሊስ ነገርኩት። የስልክ ቁጥሬን ያዢ፣ ካያችሁት ደውሉ አለኝ።
ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ወንዝ ወርደው ታጠቡ። ዘፈናቸው ቤት ድረስ ይሰማል። እኔ አልወረድኩም። በሩን ዘግቼ ቁጭ... ከምን ልዘጋው ነው? አዞ በር አያንኳኳም።

ሐሙስ፣ ማርች 28
ወንዙ ዳር ጭቃው ላይ የአዞ ሆድ የተጎተተበት ፈለግ። እንደ ታንኳችን ሰፊ። ለፖሊሱ ደወልኩ። ከዚያ ማቲልዳን እጇን ይዤ ወስጄ አሳየኋት። አየችው።
አማቴ ከማለዳ ጀምሮ ባሕር ዳር የሚበቅለውን የማንግሮቭ እንጨት ይቆርጣሉ። ወንዙ ላይ የምናጥብበትን ቦታ ሊያጥሩት ነው። ፖሊስ ይሄን ቢገድል ሌላ ይመጣል፣ ባሕር አይታጠርም፣ ለእኛ የምትበቃንን ያህል እንጠር አሉኝ። ገጀራ አነሳሁ። ቆይቶ ማቲልዳ መጣች። አሊክም መጣ።
ግን ችካል የሚተክል ሰው ውሃው ውስጥ መቆም አለበት። እስከ ወገቡ። ይሄን ማናችንም አላሰብነውም ነበር። ቆመን ተያየን። አማቴ ሸሚዛቸውን አወለቁ።
"ዘመዳችን ነው ያልኳችሁ እኔ ነኝ" አሉና ገቡ።
አሊክ ተከተላቸው። እኔና ማቲልዳ ዳር ላይ መቅዘፊያ ይዘን ቆምን። ዓይኔን ሳልጨፍን ቀኑ መሸ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 11
ኔስታ ከተመለሰች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ዛሬ ወንዝ ልውረድ አለች። አትችዪም ልላት ነበር... የሚታጠበውን አንሶላ አንስቼ አብረን ወረድን።
አጥሩ ካለቀ ሳምንት አልፎታል፣ ፖሊሶቹ ግን ገና አልመጡም። ሴቶች ሲያጥቡ አማቴ ዳር ላይ ናቸው፣ ሁልጊዜ። አባታችን የሚለውን ቃል ከአፋቸው ከሰማሁ ቆየሁ። ስለ ኔስታ የሚያንሾካሽክም የለም። ሁሉም ሲያጥብ አንድ ዓይኑ ውሃው ላይ ነው።
ከችካሎቹ ማዶ፣ ሩቅ ሳይሆን፣ ሁለት ዓይን ነበር። አይንቀሳቀስም።
ኔስታ ጀርባዋን ለወንዙ ሰጥታ ቆመች።
"አለ?" አለችኝ።
ልዋሻት?
"አለ።"
ትንፋሿ ይሰማኛል። ከዚያ ዞራ ገባች፣ እስከ ጉልበቷ። ተከተልኳት። አንሶላውን አለቀለቅን። መጭመቁ ላይ ስንደርስ አንዱን ጫፍ ሰጠችኝ፣ ሌላውን በቀኝ እጇ ጠቅልላ ያዘች። እኔ ወደዚህ ጠመዘዝኩ፣ እሷ ወደዚያ፣ ውሃው እስኪንጠፈጠፍ ድረስ።