እማዬ «ነይ» ስትል

የምወድህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትል ይይዝሃል? አባባስ ከሐዘኑ ወዲህ እህል ይቀምሳሉ? ባለቤትህና ልጆችህ ደህና ናቸው? እኔ አካሌ ደህና ነው፤ ሆዴ ግን አልሽር ብሏል።

ያን ዕለት በስልክ «እማዬ ስታርፍ ማን ነበር አጠገቧ?» ብለህ ስትጠይቀኝ፣ መስመሩ ተበላሸ ብዬ ዘጋሁብህ። መስመሩ ደህና ነበር። ምላሴ ነው የተሳሰረው።

እማዬ ለሕክምና እኔ ዘንድ ከመጣች ስምንት ወሯ ነበር። የአገሩን ቋንቋ አልለመደችም፤ ጨዋታዋን ግን ታውቀዋለህ። የምሠራበት ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ አብራኝ አንሶላ የምትተኩሰው ጓደኛዬ፣ የሌላ አገር ሰው ናት፣ ቤት ስትመጣ እማዬ «ነይ፣ ግቢ» ትላታለች። በጓደኛዬ ቋንቋ ደግሞ ይህን የሚመስል ቃል «አዎ» ማለት ነው። እሷም «ነ፣ ነ» እያለች ትገባለች። «ይቺማ የእኛው ልጅ ናት!» ብላ እማዬ በሳቅ ፍርስ ትላለች።

የዚህ አገር ሰው አፍ ላይ ግን ያው ድምፅ «አይሆንም» ነው። ሦስቱ ቃሎች በዘር አይገናኙም፤ በየአገራቸው ተወልደው ድምፃቸው ብቻ ገጠመ። ይህን አውቅ ነበር። ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ! ለሐኪም ቤቱ መንገር ግን ትዝ አላለኝም።

ያረፈች ዕለት አለቃዬ ፈቃድ ስለከለከለኝ ረፋዱ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ሐኪም ቤት ትቻት ወደ ሥራ ሄድኩ። ከሰዓት ስመለስ አልጋዋ በመጋረጃ ተከልሏል። ነርሷ እጄን ያዘችና «እናትሽ ምንም አልፈለጉም። ውሃ ይዤ ብቅ ስል 'ነይ፣ ነይ' እያሉ መዳፋቸውን ወደ ታች አድርገው ያወዛውዙልኛል። ፈቃዳቸውን ላክብር ብዬ በሩን ዘግቼ ወጣሁ» አለችኝ።

ወንድም ጋሼ፣ እየጠራች ነበር። እኔን ይሁን ነርሷን አላውቅም፤ ብቻ እየጠራች ነበር።

ነርሷን ልንገራት አልንገራት እያልኩ ሳምንት ከረምኩ። ክፉ ሰው አይደለችም፤ የእማዬን ፀጉር አበጥራ ነው ያስረከበችኝ። በኋላ ግን ሌላ እናት እንዳይደርስባት ብዬ፣ የእማዬን ዕቃ ልወስድ የሄድኩ ጊዜ ነገርኳት። ኮሪደሩ ላይ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «ሦስት ጊዜ ጠርተውኛል» አለች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ብትቆጣኝም ጻፍልኝ፤ ዝም አትበለኝ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ትልቁን ልጅ በርታ በለው፤ የትንሿን ጉንጭ ሳምልኝ። የአባባን ጉልበት ሳምልኝ። ይህን ደብዳቤ ግን እንዳታነብላቸው። ከጠየቁህ፣ እጇን ይዤ ነበር በላቸው።

እህትህ
ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር ፲፩ ቀን