ስድስት ቀይ ፊደል

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ኮምፒውተሩ ዛሬም እንቢ አለ። ዝናቡ አሥራ ስምንት ነጥብ አራት ሚሊ ሜትር ነው። በዓይኔ አይቼ መዝገቤ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ግን እዚያ ቢጻፍ ማን ያየዋል? ድሮ ለሜትሮሎጂ ቢሮው በስልክ እናገር ነበር። ኮምፒውተሩ ቤቴ ከገባ ወዲህ በስልክ አንቀበልም ብለዋል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ግቢዬ ውስጥ ያለውን መለኪያ አነባለሁ፣ እስከ ሦስት ተኩል መላክ አለብኝ። ከዚያ በኋላ አይቀበልም።

ስከፍተው የኮምፒውተሩ ጥቁር መስኮት ላይ ነጭ ጽሑፍ ይሮጣል፤ መሀል ላይ አንድ ቀይ ቃል ብቅ ይላል። ከዚያ ኢንተርኔት የለም። ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ እንዲሁ ነው።

ከዋናው ቢሮ አንዱ ደወለ። "እማማ ዘሀራ፣ እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ የዝናብ መለኪያ ጣቢያውን ወደ ሆሞሻ እናዛውረዋለን። እዚያ የተማረ ሰው አለ።"

የተማረ። ባሌ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዝናብ ለካ ተብሎ የምስክር ወረቀት ተሰጥቶታል። ግማሹን የለካሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ከአልጋው ሳይወርድ ቁጥሩን እጮህለት፣ ይጽፍ ነበር። ሲሞት ሌላ ሰው እንዳይመጣብኝ በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ፊደል ቆጠርኩ። አሁን መዝገቡ ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። ስሜ የተጻፈበት ሌላ ነገር የለኝም። መታወቂያዬ አለ፣ እሱ ላይ ግን ስሜን ተሳስተዋል።

ማክሰኞ

ቴክኒሻኑን ዳዊትን በስልክ አገኘሁት። ከደብረ ማርቆስ አሶሳ የተመደበ ሰው ነው፤ አሁን ግን ለሥራ ማንኩሽ ወርዷል፣ እስከሚቀጥለው ሳምንት አይመለስም። ባለፈው ረቡዕ መጥቶ የኮምፒውተሩን ዲስክ የቀየረው እሱ ነው። "አሁን እንደ ጥይት ነው የሚነሳው፤ የድሮው እኮ እንደ እርስዎ ነበር" ብሎኝ ሄደ።

ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ሊኑክስ ነው፣ በነጻ ነው፣ ቫይረስም አይዘውም ብሎኝ ነበር። ጎኑ ላይ ወፍራም ዳክዬ የመሰለ ወፍ ተለጥፎበታል። በነጻ የተሰጠኝ ነገር እንዴት እንደሚያልቅ አውቃለሁ። ያኔ በሰፈራ ከወሎ ያመጡን መኪናም በነጻ ነበር።

"አጥፍተው ያብሩት" አለኝ። አጠፋሁ፣ አበራሁ። ሰባት ጊዜ። ሰባቱንም ቀይ።

ዝናብ ሦስት ነጥብ ሁለት። አልተላከም።

ረቡዕ

ዳዊት "ቀዩ ቃል ምን ይላል?" አለ። የፈረንጅ ፊደል አልተማርኩም። "እሺ፣ መልኩን ይንገሩኝ" አለ።

ነገርኩት። የመጀመሪያው ሁለት ጥርስ የቀረው ማበጠሪያ። ሁለተኛው ጣሪያ፣ መሀሉ ላይ አግዳሚ ያለው። ሦስተኛው የቆመ እንጨት። አራተኛው ያው እንጨት፣ እግሩን ዘርግቶ። አምስተኛው ማበጠሪያው፣ አንድ ጥርስ ጨምሮ መጥቷል። ስድስተኛው እርጉዝ።

ዳዊት ሳቀ።

"እማማ፣ በእንግሊዝኛ 'አልተሳካም' ነው የሚለው።"

"አለመሳካቱንማ እኔም አይቻለሁ።"

ዛሬ የሞከርኩት፦ ኬብሉን ነቅሎ መሰካት። ኬብሉን በጨርቅ መጥረግ። በድጋሚ ማጥፋትና ማብራት። ቢስሚላህ ማለት። በጥፊ መምታት፣ ቀስ ብዬ።

ጎረቤቴ ሐዋ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ "ዘሀራ፣ መለኪያ ሆሞሻ ከሄደ አንተም ትሄዳለህ?" አለችኝ። የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናት፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በአማርኛ አንተ ትለኛለች። አላርማትም። እኔ በእሷ ቋንቋ ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልተማርኩም።

"ደስ ይልሽ ነበር" አልኳት።

"ፍየል ደስ ይለው ነበር" አለች። በመለኪያው አጥር ውስጥ ያለውን ሣር ፍየሏ ከዓምና ጀምሮ ታስበዋለች።

ሐሙስ

ገባ። ዘጠኝ ነጥብ ስድስት፣ ተላከ። እንዳልረሳው ልጻፈው።

ማታ ማታ ሁሉንም ነገር ከግድግዳው ማጥፊያ አጠፋለሁ፤ የዚህ አገር መብረቅ ቀልድ አያውቅም። ዛሬም እንደ ወትሮው መለኪያውን አንብቤ ገባሁና ከግድግዳው አበራሁ። የኢንተርኔቱ ነጭ ሳጥን፣ ራውተር የሚሉት፣ መብራቱ መጣ። የኮምፒውተሩን ቁልፍ ልጫን እጄን ስዘረጋ በመስኮት አየሁ፤ የሐዋ ፍየል አጥሩ ውስጥ ገብታለች። ወጣሁ።

"ሐዋ፣ ፍየልሽን ያዢ።"

"ፍየል ሣር ነው የሚበላ። ዝናብ አይበላም።"

"አጥሩ የመንግሥት ነው።"

"ሣሩ የአላህ ነው።"

ዶሮዎቼን አነሳችብኝ። ማንጎውን አነሳሁባት። ማንጎው ሥሩ በእሷ በኩል ነው፣ ቅርንጫፉ በእኔ። ይህ ክርክር አጭር ሆኖ አያውቅም። ተናድጄ ተመልሼ ቁልፉን ተጫንኩ። ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ። ቀይ የለም።

ለዳዊት አልደወልኩም። ምን እለዋለሁ? ተጣላሁና ተሠራ?

ዓርብ

የመጨረሻው ቀን። ሌላ መንገድ መሞከር ፈራሁ፤ የትናንቱን በቅደም ተከተል ደገምኩት። ከግድግዳው አበራሁ፣ ወጣሁ። ፍየሏ ታስራለች። ሐዋ ደጃፏ ተቀምጣ በቆሎ ትፈለፍላለች።

"ማንጎው" አልኳት።

"ምን ማንጎ? አሁን ማንጎ የለም።"

"የሚመጣውን ዓመት ነው።"

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ በቆሎውን አስቀመጠች። ጥሩ ጠብ ነበር። ተመልሼ ተጫንኩ፤ ገባ። ሃያ ሁለት ነጥብ አንድ።

ከቢሮው ደወሉ፤ ጣቢያው ባለበት ይቆያል። የሆሞሻው ሰው ትምህርቱን ይቀጥል።

ከዚያ ለዳዊት ሁሉንም ነገርኩት። "ከግድግዳው" የሚለው ላይ ስደርስ አስቆመኝ።

"አጥፍተው ያብሩት ስልዎት ከግድግዳው ነው ያጠፉት?"

"ሌላ ከየት ይጠፋል?"

ለካ ራውተሩም አብሮ ይጠፋል። እሱ ለመንቃት ሁለት ደቂቃ ይፈልጋል። ኮምፒውተሩ በአዲሱ ዲስክ ወዲያው ይነሳና ገና ያልነቃውን ራውተር አድራሻ ስጠኝ ይለዋል። መልስ ሲያጣ ያኮርፋል፣ ደግሞ አይጠይቅም። የድሮው ዲስክ ቀርፋፋ ስለነበር እሱ እስኪደርስ ራውተሩ ነቅቶ ይቆየው ነበር።

"ስለዚህ ጥፋቱ መፍጠኑ ነው" አልኩት።

"አዎ።"

"እንደ እኔ እያለ ይሠራ ነበር።"

"አዎ፣ እማማ።"

ይህን በትልልቁ ጻፍኩት። እንዲጠብቅ የሚያደርገው ትእዛዝ አለ፣ ስመለስ እጽፍበታለሁ አለኝ። ሁለተኛ እንዳትነካው አልኩት።

ቅዳሜ

ሐዋ የለችም። ልጇ ሆሞሻ ወልዳለች፤ ጠዋት በመኪና ሄደች። ሁለት ሳምንት ትቆያለች። ገመዱን እጄ ላይ አድርጋ "ፍየል አንተ ጋ ነው" አለችኝ። እንቢ ልል አፌን ስከፍት መኪናው ተነሳ።

ከግድግዳው አበራሁ፣ ወጣሁ። ሁለት ደቂቃ ብቻውን ለቆመ ሰው ረጅም ነው። የማንጎውን ነገር ለፍየሏ ነገርኳት፣ ከሥሩ እስከ ቅርንጫፉ። እያኘከች አየችኝ። ክርክሩን አሸነፍኩ፤ ግን ደስ አላለኝም።

ከትናንት ጠዋት ሦስት ሰዓት ጀምሮ አልዘነበም። ዜሮ ላክሁ፤ ገባ።

ፍየሏ አጥሩ ውስጥ ናት። ያስገባኋት እኔ ነኝ። ሣሩ በዝቷል።